ክፍል ሁለት መጣ፤ ልዕልቷ ግን የለችም

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ?»

ይህችን የማያውቅ ልጅ ጎንደር ውስጥ አለ ቢባል የሚያምን ይኖራል? መልሱ የጠፋበት ልጅ ምን እንደሚገጥመውም ሁላችንም እናውቃለን። «አገር ስጠኝ» ይባላል። ትንሽ ከተማ ቢሰጥ ጠያቂው አይቀበልም፣ ሌላ ይጠራል። በመጨረሻ «በቃ ጎንደርን ሰጠሁህ» ሲባል ነው ጠያቂው ደረቱን ነፍቶ፣ ጎንደር ገብቶ ያደረገውን ሁሉ በወግ በወጉ ተርኮ፣ መልሱን የሚነግረው። እንቆቅልሽ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ያልፈታ ይከፍላል።

የዛሬው ጨዋታችን በስልክ ስክሪን ላይ ስላለ እንቆቅልሽ ነው። ስሙ «ሞኑመንት ቫሊ» ይባላል። ክፍል አንዱ ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። ክፍል ሁለቱ ሲመጣ ተጫዋቹ ለሁለት ተከፈለ። ክፍል ሦስቱ ደግሞ ከናካቴው በር ቀይሮ መጣ። በዚህ ሁሉ መሃል የተነሳው ክርክር ከአንድ ጌም በላይ ነው፤ «ለጥሩ ሥራ ማን ይክፈል? ስንት ይክፈል?» የሚል። ይህ ጥያቄ ዛሬ አዲስ አበባም ጎንደርም ላፕቶፕ ከፍቶ ጌም ለመሥራት የሚታትረውን ወጣት በቀጥታ ይነካዋል።

ሩቅና ቅርብ የሌለበት ዓለም

መጀመሪያ ጌሙን ላልተጫወታችሁት። «ሞኑመንት ቫሊ»ን የሠራው መቀመጫው ለንደን የሆነው አስቱ ጌምስ ነው። ስሙ «እኛ ሁለታችን» እንደማለት ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 መጀመሪያ በአይፎንና በአይፓድ፣ ከዚያ በወሩ ገደማ በአንድሮይድ ወጣ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ሾጣጣ ቆብ የደፋች አይዳ የምትባል ትንሽ ልዕልት አለች። ጥይት የለም፣ ሩጫ የለም፣ የሚቆጥር ሰዓት የለም። ያላችሁ ጣታችሁ ብቻ ነው። ግንቡን ታሽከረክራላችሁ፣ ደረጃውን ትስባላችሁ፣ ልዕልቷ መንገድ ታገኛለች። በየመንገዱ ጥቁር ቁራዎች እየጮሁ ያግዷታል። የስሜንን ወፍራም ምንቃር ቁራ ከምሳ ሳህኑ ላይ ያባረረ ሰው ስሜቱ ይገባዋል።

ታዲያ ምኑ ነው ከባድ? ነገሩ ያለው ዓይን ላይ ነው። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ወደ ከተማው ብታዩ የፋሲል ግንብ የአሻንጉሊት ቤት ያህላል። ስለራቀ አነሰ፤ ዓይናችን የለመደው ይህን ነው። በ«ሞኑመንት ቫሊ» ውስጥ ግን ሩቁም ቅርቡም አንድ መጠን ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የተነካኩ የሚመስሉ ሁለት ድልድዮች፣ አንዱ ከታች ሌላው ከላይ ቢሆኑም፣ ጌሙ እንደተነካኩ ይቆጥራቸዋል። ልዕልቷ በላያቸው ትሻገራለች። እናንተ «እንዴ!» ትላላችሁ። በቃ፣ የጌሙ ደስታ ያቺ «እንዴ!» ናት።

ይህ ዘዴ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሮጀር ፔንሮዝ የተባለው እንግሊዛዊ ከአባቱ ጋር ሆኖ በ1958 ሊኖሩ የማይችሉ ቅርፆችን የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። ልጁ በኋላ በ2020 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ሳይንቲስት ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ኤሸር ሐሳቡን ወስዶ፣ ሰዎች ዘላለም የሚወጡትና ወደ ጀመሩበት የሚመለሱበትን ደረጃ በ1960፣ ወደ ላይ የሚፈሰውን ፏፏቴ ደግሞ በ1961 አሳተመ። የጌሙ ዋና ዲዛይነር ኬን ዎንግ ከዚህ ተነስቶ፣ እያንዳንዱ ስክሪን ተቀርፆ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል የሚያምር ሥዕል እንዲሆን ፈለገ። ሆነለትም።

የጎንደር ልጅ ግን ይህን ዓይነት ዓለም ቀድሞ ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። በሥዕሎቹ ውስጥ ሰው ስለራቀ አያንስም፤ ክብሩ ትልቅ የሆነ ትልቅ ሆኖ ይሣላል። ደጉ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ክፉው በጎኑ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቀና ስትሉ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ሁሉም እናንተን የሚያዩ ይመስላሉ። የእኛ ሠዓሊዎች ስፋትና ርቀትን በሜትር አልለኩም፤ በትርጉም ነው የለኩት። የለንደኖቹ ልጆች በኮምፒውተር የሠሩት ነገር የዚህ የሩቅ ዘመድ ነው።

የሁለት ዶላሩ ጠብ

ጌሙ ሲወጣ ዋጋው አራት ዶላር ገደማ ነበር። ተቺዎች ወደዱት፣ አፕል የ2014 ምርጥ የአይፓድ ጌም አለው፣ በ2015 ደግሞ የእንግሊዙን የባፍታ ሽልማት ወሰደ። አንድ ቅሬታ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር፤ «አጭር ነው»። አሥር ምዕራፍ፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ የጀመረ ሰው ለቡና ሳይጠራ ይጨርሰዋል።

ሠሪዎቹ ቅሬታውን ሰሙ። እስከ ኅዳር 2014 ድረስ ሠርተው ስምንት አዳዲስ ምዕራፎች ያሉት ተጨማሪ ክፍል አወጡ። ዋጋው ሁለት ዶላር። እንግዲህ ደስ ሊለን ይገባ ነበር አይደል? የሆነው ሌላ ነው። ብዙ ተጫዋች «እንዴት ተጨማሪ ታስከፍሉናላችሁ? በነፃ መስጠት ነበረባችሁ» ብሎ ተቆጣ። አፕስቶር ላይ ወርዶ አንድ ኮከብ እየሰጠ ወጣ። እነዚያው ሰዎች ጌሙን ወደውታል፤ አጠረብን ያሉትም እነሱ ናቸው። ሠሪዎቹ ማዘናቸውን በትዊተር ጻፉ። ወሬው ሲዛመት ሌሎች ተጫዋቾች ተንጋግተው አምስት ኮከብ መስጠት ጀመሩ።

በጥር 2015 ኩባንያው ብዙ ኩባንያዎች የማያደርጉትን አደረገ፤ ሒሳቡን ለሕዝብ ዘረጋው። የመጀመሪያው ጌም 55 ሳምንትና 852 ሺህ ዶላር ፈጅቷል። ያ «በነፃ ይሰጠን» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ብቻውን 29 ሳምንትና 549 ሺህ ዶላር ወስዷል። በምትኩ የገባው ገንዘብ እስከዚያ ጊዜ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። አትርፈዋል፤ ይገባቸዋልም። ግን ቁጥሩን ስታዩ አንድ ነገር ይገለጣል። ለተጫዋቹ «አጭር» ጨዋታ የሆነው ነገር ለሠሪው የግማሽ ዓመት ኑሮ ነው። ሐበሻ ልብስ ሸማኔ ዘንድ ሄዶ «ለጥለቷማ ለምን ትጨምርብኛለህ?» እንደማለት ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ የምንሆነው? አንዱ ምክንያት «ነፃ» ጌሞች ያስተማሩን ልማድ ነው። ካንዲ ክራሽን አስቡት። በ2012 ወጣ፣ ተከታዩ ሶዳ ሳጋ በ2014 መጣ፣ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ከዚያ አምስት ነፍስ ይሰጧችኋል። ካለቀች ወይ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ጓደኛ ትለምናላችሁ፣ ወይ ትከፍላላችሁ። በሩ ነፃ ነው፤ ውስጡ ገበያ ነው። «ሞኑመንት ቫሊ» ደግሞ በተቃራኒው በሩ ላይ አንዴ ያስከፍላችሁና ከገባችሁ በኋላ ማንም አይነዘንዛችሁም፤ ማስታወቂያ የለ፣ ልመና የለ። የትኛው ርካሽ እንደሆነ ለማወቅ የወር መጨረሻ ሒሳብ ማየት ይበቃል።

ክፍል ሁለት፤ እናትና ልጅ

ሦስት ዓመት አለፈ። ሰኔ 5 ቀን 2017 አፕል በዓመታዊ ጉባኤው መድረክ ላይ «ሞኑመንት ቫሊ 2» መምጣቱን አበሰረ፤ ጌሙም በዚያው ቀን ለሽያጭ ቀረበ። ጥሪ ሳይመታ የገባ እንግዳ ማለት ነው። ዋጋው አምስት ዶላር ገደማ።

ሰዎች ከፍተው ሲያዩ ልዕልት አይዳ የለችም! ያ ሁሉ ሰው የወደደው፣ አንድ ዓይን ያለው ቢጫ አምድ ጓደኛዋም የለም። በምትኩ ሮ የምትባል እናትና ትንሽ ልጇ አሉ። የእናንተ ሥራ ሁለቱን በአንድ ላይ መምራት ነው። እናት ስትሄድ ልጅ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች። ትንሽ ከተራራቁ ልጅቷ ትሮጣለች። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ይለያያሉ። ልጅቷ ብቻዋን መንገድ ፈልጋ ትሄዳለች፣ እናቷም ብቻዋን ትቀራለች። አንድም ረጅም ንግግር የለም። ግን ልጁን ለትምህርት ከዳባት ወይም ከደባርቅ ወደ ከተማ የላከ ወላጅ፣ ወይም የተላከው ልጅ፣ ይህን ምዕራፍ ሲያይ ጉሮሮው ላይ የሆነ ነገር ይቆማል።

አቀባበሉ ታዲያ ምን ነበር? በአንድ በኩል ሙገሳ ጎረፈ። ቀለሙ፣ ሙዚቃው፣ የእናትና ልጅ ነገሩ፣ በብርሃን የሚያድጉት ዛፎች... የዓመቱ መጨረሻ ላይ በ«ዘ ጌም አዋርድስ» የ2017 ምርጥ የሞባይል ጌም ተብሎ ተሸለመ። በሌላ በኩል ደግሞ ተጫዋቾች ሦስት ነገር እየደጋገሙ ተናገሩ።

አንደኛ፣ «ቀለለ»። የመጀመሪያው ጌም የለመደ ሰው በሁለተኛው ላይ ብዙ አያስብም፤ እንቆቅልሹ ሳይጠየቅ መልሱን ይነግራል አሉ። ሁለተኛ፣ «አሁንም አጭር ነው»። ምዕራፉ አሥራ አራት ቢሆንም አንድ ምሽት ላይ ያልቃል። ሦስተኛ፣ «አይዳን ለምን ወሰዳችሁብን?»

እኔ የመጀመሪያውን ቅሬታ እውነት እለዋለሁ። እናትና ልጅ አንድ ላይ ሲሄዱ ለሁለት መከፈላቸው ራሱ ትልቅ የእንቆቅልሽ ምንጭ ሊሆን ይችል ነበር፤ አንዷ ስትቆም ሌላዋ በር የምትከፍትበት፣ አንዷ ስትሳሳት ሌላዋ የምትታገድበት። ሠሪዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷን ተከታይ አድርገው ተዉአት። እንቆቅልሽ ደግሞ ካላስጨነቀ እንቆቅልሽ አይደለም። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካሾለከ ማን አገር ይሰጣል?

ሦስተኛው ላይ ግን ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ጋር አልስማማም። የአይዳ ታሪክ አልቋል። ጥፋት ነበረባት፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ የወሰደችውን መለሰች። ከዚያ ወዲያ እሷን መጎተት፣ ያለቀ ድራማን «ምዕራፍ አምስት» እያሉ እንደማራዘም ነው። ተከታታይ ድራማ የምንወድ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ክፍል አንድ ላይ የሞተው ሰው ክፍል ሦስት ላይ «አልሞትኩም» ብሎ ሲመጣ ስንት ጊዜ ስቀናል? ክፍል ሁለት ማለት የድሮውን ሰው መድገም ሳይሆን የድሮውን ጥያቄ በሌላ ሰው ላይ መጠየቅ ነው። ለንደኖቹ ይህን ደፍረዋል። ድፍረታቸው የፊቱን አድናቂ ትንሽ አስኮርፏል፤ ጌሙን ግን ጌም አድርጎታል።

አምስት ከመቶው ማነው?

አንድ ያላነሳነው ወገን አለ፤ አንድሮይድ ተጠቃሚው። ክፍል ሁለት በአይፎን ሰኔ ላይ ሲወጣ፣ አንድሮይድ ላይ የመጣው ኅዳር 6 ቀን 2017 ነው። አምስት ወር ጥበቃ። እዚህ አገር ደግሞ ከአሥር ሰው እጅ ላይ ስንት አይፎን እንዳለ አካባቢያችሁን ዞር ብሎ ማየት ነው።

ለምን አንድሮይድን አስቀሩት? ለዚህ ፍንጭ የሚሰጥ አንድ ቁጥር አለ። በጥር 2015 አስቱ ጌምስ እንዳሳወቀው፣ አንድሮይድ ላይ ከተጫነው «ሞኑመንት ቫሊ» ውስጥ የተከፈለበት 5 በመቶው ብቻ ነበር። በአይፎን በኩል 40 በመቶ። በእርግጥ ቀሪው ሁሉ ሌብነት አይደለም፤ አንድ ሰው አንዴ ከፍሎ በስልኩም በታብሌቱም ሊጭነው ይችላል፣ ኩባንያውም ይህን ገልጿል። ቢሆንም ልዩነቱ ልዩነት ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። እኛ ጋ ጌም እንዴት ነው የሚገባው? አንዱ ከቴሌግራም ቻናል ኤፒኬ ያወርዳል፣ ለጓደኛው በሼርኢት ይልካል፣ እሱ ለወንድሙ፣ ወንድሙ ለክፍል ጓደኞቹ... ማታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ጭኖታል። «ሌቦች ናችሁ» ማለት ቀላል ነው። ግን ሁለት ነገር እንይ።

የመጀመሪያው አከፋፈሉ ነው። ጎንደር ውስጥ ያለ ወጣት በቴሌብር የካርድ ይሞላል፣ የባጃጅ ይከፍላል፣ ለእናቱ ብር ይልካል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስልካችን ቦርሳችን ሆኗል። የውጭ ጌም ለመግዛት ሲደርስ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ያ ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ላይ ዋጋውም አለ። አምስት ዶላር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪ ለውጥ ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 285 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 120 ብርን ሲያልፍ ያው አምስት ዶላር ወደ 600 ብር ሆነ። ጌሙ አልተወደደም፤ ብሩ ነው የቀለለው።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳም። ያን ጊዜ ኦንላይን የሚፈልገው ፐብጂና ፍሪ ፋየር ሁሉ ስልክ ላይ የተቀመጠ ሥዕል ሆኖ ቀረ። ዋጋ ያወጣው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ነው፤ ካርታው፣ ገበጣው፣ እንቆቅልሹ። «ሞኑመንት ቫሊ»ም እንዲህ ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተጫነ ዳታ አይጠይቅም። በመብራት መጥፋትና በኔትወርክ መቋረጥ መሃል ላደገ ተጫዋች ከሽልማቱ ሁሉ የሚበልጠው ባሕርይ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን አለመክፈልን ትክክል አያደርገውም። የሚከፍልበት መንገድ የሌለው ሰውና መንገድ እያለው የማይከፍል ሰው ግን አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው መንገድ መክፈት ያስፈልጋል፣ ለሁለተኛው ሕሊና።

ክፍል ሦስት፤ ኪራይ ቤት

ወደ ክፍል ሦስት እንለፍ፤ እዚህ ላይ አልቆይም። «ሞኑመንት ቫሊ 3» የወጣው ታኅሣሥ 10 ቀን 2024 ነው፤ ግን በኔትፍሊክስ በኩል ብቻ። ባለታሪኳ ኑር ትባላለች፣ የመብራት ቤት ጠባቂ ለመሆን የምትማር ልጅ ናት። ባሕሩ እየጨመረ፣ ብርሃኑ እየጠፋ ነው፤ ኑር በጀልባ ትወጣለች። ማስታወቂያ የለውም፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ነገር ግን ያን ጊዜ ለመግባት የኔትፍሊክስ ደንበኛ መሆን ግድ ነበር።

አቀባበሉ እንደገና ሁለት መልክ ነበረው። «ውበቱ እንዳለ ነው፣ ጀልባዋ ነፃነት ሰጥታዋለች» ያሉ አሉ። «ለአንድ ጌም ብዬ በየወሩ አልከፍልም» ያሉም አሉ። የኋለኞቹ ልክ መሆናቸው ብዙም ሳይቆይ ታየ። በሐምሌ 2025 ጌሙ ከኔትፍሊክስ ወጣ። እዚያ የጀመረ ሰው በሩ ተዘጋበት። በዚያው ወር ጌሙ በኮንሶልና በኮምፒውተር ለሽያጭ ቀረበ። ተጫዋቹ ያን ጊዜ ነው በገዛ ቤት መኖርና ኪራይ ቤት መኖር ልዩነቱ የገባው። አከራይ «ልቀቅ» ሲል ዕቃህን ሰብስበህ ነው።

ልብ በሉ፤ በ2014 ሁለት ዶላር ተጠየቅን ብለው የተቆጡት ተጫዋቾች ነበሩ። ገበያው ለቁጣቸው የሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በየግማሽ ሰዓቱ የሚለምን «ነፃ» ጌም፣ ሌላው በየወሩ የሚከፈል ኪራይ። አንዴ ከፍሎ ለዘላለም የራስ ማድረግ የሚባለው ነገር ስልክ ላይ እያነሰ መጣ። ኮከብ ቀልድ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ጎንደር ውስጥ ጌም አለ

አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ከቤት ውጡ። ፋሲል ግቢን በጌም ሠሪ ዓይን እዩት። ዙሪያውን 900 ሜትር የሚሆን አጥር፣ አሥራ ሁለት በር። መሃል ላይ ጎንደርን በ1636 መናገሻው ያደረጉት የዐፄ ፋሲለደስ ግንብ፣ ጉልላት የደፉ አራት ክብ ማማዎች ያሉት። ከዚያ የዐፄ ኢያሱ ኮርቻ መሰል ግንብ፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአንበሶች ቤት። እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ግንብ ጨመረ እንጂ የአባቱን አላፈረሰም። ይህ ራሱ የምዕራፍ አሠራር ነው፤ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት በአንድ ግቢ ውስጥ። ደረጃ በውጭ በኩል ይወጣል፣ በር ወደ ሌላ በር ይከፍታል፣ መስኮት ሌላ ማማ ያሳያል። ለንደን ያሉ ሰዎች ከሐሳብ የፈጠሩትን እኛ በድንጋይ አለን።

ወደ ሰሜን ውጡ። ከደባርቅ በታች የሊማሊሞን መንገድ እዩ፤ እየተጠመዘዘ ገደሉን ሲወርድ መኪና ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር የሚነካካ ይመስላል። የስሜን ተራሮችን በ1978 ዩኔስኮ ከመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ሲመዘግብ ዋልያውንና ጭላዳ ዝንጀሮውን ጨምሮ ነው። ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ወጥቷል። ዋልያ ጠርዝ ለጠርዝ መንገድ የሚፈልግበት እንቆቅልሽ... ኧረ ይህን ሌላ አገር ሰው ቀድሞ ቢሠራው አያስቆጭም?

ጨዋታውም ቢሆን አለን። ገበጣ ከሒሳብ ጋር የተጋባ እንቆቅልሽ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት በየአካባቢው ያሉትን ብዙ ዓይነቶቹን ዘርዝረዋል። ሰንጠረዥም አለን፤ መሳፍንቱ ይጫወቱት የነበረው፣ መጀመሪያ ላይ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም እኩል የሚነዱበት። ቅኔ አለን፤ ሰሙን አይቶ ወርቁን መፈለግ ሌላ ምንድን ነው? አይዳ የምትሻገረው ድልድይ እኮ ሰም ነው፤ ስታዞሩት ወርቁ ይወጣል።

ይህን የተረዱ ልጆች አሉ። አዲስ አበባ ላይ ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ድርጅት ራሱን «ቅኔ ጌምስ» ብሎ ነው የሰየመው። «ኩኩሉ» የተባለው ጌሙ ልትታረድ ስትል የምታመልጥ ዶሮን ያስሮጣል፤ በዓል በመጣ ቁጥር የሚያስቅ ነገር ነው። ከዚያ ገበጣን ራሱን ወደ ስልክ አመጣው። ሥራዎቹ ከአገር ውጭም ታይተዋል።

መሣሪያው ደግሞ ከበፊቱ ቀርቧል። «ሞኑመንት ቫሊ» የተሠራበት ዩኒቲ የሚባለው ሶፍትዌር ለጀማሪ በነፃ ይወርዳል። ጎዶትና ብሌንደር ሙሉ በሙሉ ነፃ ናቸው። ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት ጉግል አንዴ 25 ዶላር ያስከፍላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለው። «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለው ሥልጠናም ስልክ ላይ ነው። የሚጎድለው ሰው አይደለም። የሚጎድለው ሠሪው ሲያወጣ የሚከፍለው ተጫዋችና ክፍያው የሚያልፍበት መንገድ ነው። በቴሌብር ሃምሳ ብር ከፍሎ የአገር ልጅ የሠራውን ጌም መግዛት የሚቻልበት ቀን፣ ያ ቀን ነው ብዙ ነገር የሚለወጠው።

እስከዚያው በእጃችን ያለው

እስከዚያው ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ።

ኮከብ ስትሰጡ አስቡበት። «ቀለለብኝ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መልሱ ቶሎ ታየ» ብሎ መጻፍ ለሠሪው ወርቅ ነው። «ለምን አስከፈላችሁ» ብሎ አንድ ኮከብ መስጠት ግን የሚቀጥለውን ጌም መግደል ነው። በተለይ ሠሪው ሁለት ሦስት ልጅ ሆኖ፣ ኮከቡ በሙሉ ከሠላሳ የማይበልጥ ሲሆን፣ የእናንተ አንዷ ኮከብ ከባድ ናት።

የአገር ልጅ የሠራውን ኤፒኬ በቴሌግራም አትበትኑ። ከፕሌይ ስቶር አውርዱት። ነፃም ቢሆን የማውረዱ ቁጥር ለሠሪው ማስረጃ ነው፤ ነገ ገንዘብ የሚያበድረው ሰው የሚያየው ያንን ነው።

ክፍል ሁለት ሲመጣም የድሮዋን ልዕልት ብቻ አትጠብቁ። ጥያቄው «ያው ነው ወይ?» ሳይሆን «አዲስ እንዴ! አለው ወይ?» መሆን አለበት። «ሞኑመንት ቫሊ 2» እንቆቅልሹ ቀሎ፣ ታሪኩ ጠልቆ መጣ። ግማሹን አጣን፣ ግማሹን አገኘን። እንዲህ ብሎ በፍትሕ መናገር የሚችል ተጫዋች ያለው አገር ጥሩ ጌም ሠሪ አያጣም።

ደግሞስ፣ አባቶቻችን መልሱ ለጠፋባቸው እንቆቅልሽ አገር ሙሉ ይሰጡ አልነበር? ለጥሩ እንቆቅልሽ ሃምሳ ብር ማውጣት ምኑ ይከብዳል!